የተረሱት የድምፅ አልባ ፊልም ኮሜዲያን እና ፈልገው ያገኟቸው ሰዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ድምፅ አልባ ፊልም በተነሣ ቁጥር የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ተቀራራቢ ናቸው። እዚህ የሰበሰብኳቸው እነሱን ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቻፕሊንን አውቀዋለሁ። ከእሱ ሌላ ማን ነበር?

ብዙ ሰው ነበር። በ1895 መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ የሉሚየር ወንድማማቾች ፊልሞቻቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ሕዝብ ሲያሳዩ፣ ከቀረቡት አጫጭር ፊልሞች አንዱ ቀልድ ነበር። አንድ ልጅ የአትክልተኛውን የውሃ ጎማ ይረግጣል፤ ውሃው ይቆማል፤ አትክልተኛው ምን ነካው ብሎ የጎማውን አፍ ወደ ፊቱ ሲያዞር ልጁ እግሩን ያነሣል። ፊልምና ሳቅ አብረው ተወለዱ ማለት ነው። ከዚያ ጀምሮ ድምፅ እስከገባበት እስከ 1920ዎቹ መጨረሻ ድረስ በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በአሜሪካ ኮሜዲ እንደ ዳቦ በየጊዜው ትኩስ ትኩሱ ይወጣ ነበር። ማክስ ሊንደር፣ ማርሴል ፔሬዝ፣ ማቤል ኖርማንድ፣ ሮስኮ አርባክል፣ ቻርሊ ቼስ፣ ሬይመንድ ግሪፊት፣ ሃሪ ላንግደን፣ ሎይድ ሃሚልተን፣ ቻርሊ ባወርስ፣ በርት ዊልያምስ፤ እነዚህ ሁሉ በየዘመናቸው አዳራሽ ሞልተው ያሳቁ ናቸው።

ዛሬ ማንም የሚያደንቀው በስተር ኪተን እንኳ የተረፈው ለጥቂት ነው። በ1950ዎቹ ተዋናዩ ጄምስ ሜሰን ቀድሞ የኪተን በነበረው ቤት ይኖር ነበር፤ ግቢው ውስጥ ከነበረ ማከማቻ የኪተን ፊልሞች ጥቅልሎች ተገኙ። ኪተን ያኔ በሕይወት ነበር፤ ሥራዎቹ እንደገና ሲወደዱ ለማየትም በቅቷል። ብዙዎቹ ጓደኞቹ ግን ይህን ዕድል አላገኙም።

ለምን ተረሱ? እንደ ቻፕሊን ጎበዝ ስላልነበሩ አይደለም?

አይደለም። ይህን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ጊዜ ራሱ በሚዛን መዝኖ ገለባውን የጣለ፣ ፍሬውን ያስቀረ ስለሚያስመስል። ጊዜ እንዲህ ያለ ፍርድ አልሰጠም። የተረፈው የተረፈው ባለቤት ስለነበረው ነው። ቻፕሊን ከ1918 ጀምሮ የሠራቸው ፊልሞች የራሱ ንብረት ነበሩ። ሃሮልድ ሎይድም የአብዛኞቹ ሥራዎቹ ባለቤት ነበር፤ ቢሆንም በ1943 በገዛ ግቢው ያሠራው የፊልም ማከማቻ ተቃጥሎ ብዙ ሥራዎቹን አጥቷል። ባለቤት የነበረው ይህን ያህል ከተጎዳ፣ ባለቤት ያልነበረውን መገመት ነው። ደመወዝተኛ ኮሜዲያን ፊልሙን ሠርቶ ይሄዳል፤ ፊልሙ ጥቂት ሳምንት ይታያል፤ ከዚያ ለኩባንያው ቦታ የሚይዝ ዕቃ ነው።

ሌላው ምክንያት ስም ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተዋንያን ስም ፊልሙ ላይ አይጻፍም ነበር። ፊልሙ ድንበር ሲሻገር ደግሞ አከፋፋዮቹ ለአገራቸው ሰው የሚጥም ስም ያወጡለታል። ቻፕሊን ለፈረንሳዮች “ሻርሎ” ነው፤ ኪተን “ማሌክ” ነበር፣ “ፍሪጎ”ም ተብሏል። እኛ “ስም ከመቃብር በላይ ይውላል” እንላለን፤ የእነዚህ ሰዎች ስም ግን ገና በሕይወት እያሉ ነው የተቀበረው።

አንዳንዱን ደግሞ ውርደት አጠፋው። ሮስኮ አርባክል ኪተንን በ1917 ወደ ፊልም ያስገባ፣ በዘመኑ ከቻፕሊን ጋር የሚነጻጸር ኮከብ ነበር። በ1921 ቨርጂኒያ ራፔ የተባለች ተዋናይት ከሞተች በኋላ ተከሶ ሦስት ጊዜ ችሎት ፊት ቀረበ። በሚያዝያ 1922 ሦስተኛው ችሎት ነጻ አለው፤ ዳኞቹም በጽሑፍ ይቅርታ ጠየቁት። በስድስተኛው ቀን ግን ፊልሞቹ እንዳይታዩ ታገደ። እገዳው ያንኑ ዓመት ቢነሣም ስሙ አልነጻም፤ ከዚያ በኋላ “ዊልያም ጉድሪች” በሚል የውሸት ስም ዳይሬክተር ሆኖ ሲሠራ ኖሮ በ1933 ሞተ። በሕግ ነጻ የወጣ ሰው ለአሥር ዓመት ያህል በስሙ መሥራት አልቻለም።

ሬይመንድ ግሪፊት ደግሞ ድምፅ አልነበረውም። ጉሮሮው ተጎድቶ ከሹክሹክታ በላይ መናገር የማይችል ሰው ነበር፤ ለድምፅ አልባ ፊልም ይህ ምንም አልነበረም። በ1926 በሠራው “ሃንድስ አፕ!” ሊረሽኑት የተሰለፉት ወታደሮች ፊት ይቆማል። ሳህን አንሥቶ ወደ ሰማይ ይወረውራል፤ ወታደሮቹ ሳህኑን ይመታሉ። ሌላ ሳህን፤ አሁንም ሳህኑን። ሞት ፊት የቆመ ሰው እንግዳ እንደሚያስተናግድ ጨዋ የባርኔጣውን ጠርዝ እንኳ ሳያዛንፍ ነው ይህን ሁሉ የሚያደርገው። ድምፅ ሲመጣ ግን ትወናው አበቃ። በ1930 በታዋቂው የጦርነት ፊልም “ኦል ኳየት ኦን ዘ ዌስተርን ፍሮንት” ላይ በቦምብ ጉድጓድ ውስጥ ቃል ሳይተነፍስ የሚሞተው ፈረንሳዊ ወታደር እሱ ነው። ያን ፊልም ካያችሁ የግሪፊትን ፊት አይታችኋል። ከዚያ በኋላ ፕሮዲዩሰር ሆኖ ሠራ።

ምን ያህሉ ጠፋ?

የፊልም ታሪክ ተመራማሪው ዴቪድ ፒርስ ለአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ያጠናውና በ2013 የወጣው ጥናት እንደሚለው፣ ከ1912 እስከ 1929 አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩት 11,000 ገደማ ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች በመጀመሪያ ይዘታቸው ሙሉ ሆነው የተረፉት 14 በመቶው ብቻ ናቸው። ልብ በሉ፣ ይህ የረጃጅሞቹ ቆጠራ ነው። ኮሜዲያን በአብዛኛው የሚሠሩት አንድ ወይም ሁለት ጥቅልል የሆነ፣ ከ10 እስከ 25 ደቂቃ የሚፈጅ አጭር ፊልም ስለነበር ብዙው ሥራቸው በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም።

ፊልሙ የሚሠራበት ናይትሬት የሚባለው ቁስ እሳት ሲነካው ራሱ ኦክስጅን እያመነጨ ስለሚነድ ውሃ ውስጥ እንኳ አይጠፋም። በ1937 በኒው ጀርዚ፣ ሊትል ፌሪ በምትባል ከተማ የፎክስ ኩባንያ ማከማቻ ተቃጥሎ የአንድ ዘመን ሥራ በአንድ ሌሊት ዐመድ ሆነ። ያልተቃጠለውም እየሟሟ ይበላሻል። ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነው ግን ሆን ተብሎ የተደረገው ነው፤ ፊልሙ ውስጥ ያለውን ጥቂት ብር ለማውጣት ብቻ ስንት ሥራ ቀልጧል።

ማክስ ሊንደር ማን ነው? ስሙን ደጋግማችሁ ታነሣላችሁ።

የፊልም የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የኮሜዲ ኮከብ ነው። በ1883 በቦርዶ አቅራቢያ ተወለደ፤ እውነተኛ ስሙ ጋብርኤል ሉቪዬል ነው። በ1905 ፓቴ ከተባለው ኩባንያ ጋር መሥራት ጀመረ። ከእሱ በፊት የነበረው የፊልም ቀልድ በአብዛኛው መውደቅና መሯሯጥ ነበር። ሊንደር ግን ረጅም የሐር ባርኔጣ ያደረገ፣ ጓንት ያጠለቀ፣ ጢሙ የተስተካከለ የከተማ ጨዋ ሆኖ መጣ። ሳቁ የሚመጣው ይህ ጨዋ ክብሩን ለማዳን ሲታገል ነው። ቻፕሊን በላከለት ፎቶግራፍ ላይ ራሱን ደቀ መዝሙር፣ ሊንደርን ደግሞ “ፕሮፌሰሩ” ብሎ ጽፎለታል።

በ1921 አሜሪካ ውስጥ ከሠራው “ሰባት የመከራ ዓመታት” አንዲትን ትዕይንት ልንገራችሁ። አሽከሩ ትልቁን መስተዋት ይሰብራል። ጌታው እንዳያውቅ ወጥ ሠሪው እንደ ማክስ ለብሶ በባዶው ክፈፍ ውስጥ ይቆማል። ማክስ፣ ማታ አምሽቶ ራሱ የዞረበት፣ ሊላጭ ይመጣል። ጉንጩን ያብሳል፤ ያኛው ያብሳል። ቅንድቡን ያነሣል፤ ያኛው ያነሣል። አንድ ጊዜ ያኛው ለቅጽበት ይዘገያል፤ ማክስ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያየዋል። የሆነውን ሲረዳ ሊበቀል ይዘጋጃል፤ በዚህ መሀል እውነተኛ መስተዋት ተገጥሟል፤ ማክስ ወጥ ሠሪውን የሚመታ መስሎት ይወረውርና አዲሱን መስተዋት ያደቃል። ከዚህ በኋላ ሰባት የመከራ ዓመት ቢመጣበት ምን ይገርማል?

የእሱ መከራ ግን ከፊልሙ ይብሳል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተጎድቶ ጤናው አልተመለሰም፤ በ1925 እሱና ወጣት ሚስቱ አብረው ሕይወታቸውን አጠፉ። የቀረችው ሁለት ዓመት ያልሞላት ሴት ልጃቸው ሞድ ናት። ሞድ ሊንደር አባቷን ያወቀችው ካደገች በኋላ፣ በፊልሙ ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን በሙሉ የአባቷን ፊልሞች ስትሰበስብ ኖረች፤ በ1963 ከፊልሞቹ የተውጣጣ ሥራ አቀረበች፣ በ1983 ስለ እሱ ዘጋቢ ፊልም ሠራች። በ2017 ዐረፈች። የማታስታውሰውን አባት በእጇ ጥቅልል በጥቅልል መልሳ ሠራችው ብል አላጋነንኩም።

ስሙ ጭራሽ የማይታወቅ ሰው እንዴት ይገኛል?

የምወደው ታሪክ የቻርሊ ባወርስ ነው። በ1960ዎቹ በፈረንሳይ የቱሉዝ ከተማ የፊልም ማኅደር (ሲኒማቴክ) መሥራች ሬይሞን ቦርድ “ብሪኮሎ” የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ጥቅልሎች እጁ ገቡ። ብሪኮሎ ማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ፊልሞቹ ሲታዩ ግን እንደ ማንም አልነበሩም፤ ቀጭን፣ ፊቱ የነጣ ሰው እብድ የሚያሰኝ ማሽን እየሠራ ተአምር ያሳያል። በኋላ ብሪኮሎ ፈረንሳዮች ለአሜሪካዊው ባወርስ ያወጡለት ስም መሆኑ ታወቀ።

ባወርስ ከካርቱን ሥራ የመጣ ሰው ነበር። ግዑዝ ነገርን በትንሽ በትንሹ እያንቀሳቀሰ ፎቶ በፎቶ በማንሣት ሕይወት ይዘራበታል። በ1926ቱ “ናው ዩ ቴል ዋን” ቤቷን አይጥ ለወረረባት ልጃገረድ ድመት የሚያፈራ ተክል ያበቅላል። ቅርንጫፉ ላይ እንቡጥ ይወጣል፤ እንቡጡ ያብጣል፤ ጠጉር ያወጣል፤ ጅራት ይወዛወዛል፤ ከዚያ ድመቷ እንደ በሰለ ፍሬ ወርዳ በእግሯ ትሄዳለች። ሌላዋ ትከተላለች። ያለ ኮምፒውተር፣ በ1926። ይህን የሠራ ሰው በ1946 ሲሞት የሚያስታውሰው አልነበረም። ሥራዎቹ ተሰብስበው በዲቪዲ የወጡት በ2000ዎቹ ነው፤ በዚህ የሎብስተር ፊልምስ መሥራች ሰርዥ ብሮምበርግ ብዙ ደክሟል።

ማርሴል ፔሬዝም እንደዚሁ ነው። ማድሪድ የተወለደ፣ ቱሪን ውስጥ “ሮቢኔ” ተብሎ ዝነኛ የሆነ፣ አሜሪካ ሲገባ “ትዊድልደም” እና ሌላም ሌላም ስም የተሰጠው። በ1914 የሠራው “አሞር ፔዴስትሬ” ሙሉ የፍቅር ታሪክ በእግር ብቻ የሚነገርበት ነው፤ ከጉልበት በላይ ሰው አይታይም። አሜሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ስቲቭ ማሳ እነዚህ ሁሉ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን እየገጣጠመ የፔሬዝን ሕይወት ጻፈ፤ የድምፅ አልባ ፊልም ፒያኒስቱ ቤን ሞደል ደግሞ ከተመልካች በተዋጣ ገንዘብ ፊልሞቹን አሳተመ።

ታሪካቸውን የጻፉት እነማን ናቸው?

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። የዚህ ነገር መነሻ ተደርጎ የሚወሰደው አሜሪካዊው ጸሐፊ ጄምስ ኤጂ በመስከረም 1949 “ላይፍ” መጽሔት ላይ ያወጣው ረጅም ጽሑፍ ነው፤ ቻፕሊንን፣ ኪተንን፣ ሎይድንና ላንግደንን አራቱ ታላላቆች አድርጎ አስቀመጠ። ጽሑፉ ውለታው ትልቅ ነው። አንድ ጉዳትም አለው፤ ከአራቱ ውጭ ያለው ሰው ትርፍ መሰለ። በ1975 የቲያትር ሐያሲው ዋልተር ኬር በትልቅ መጽሐፉ ግሪፊትን ከረሱት ሰዎች እጅ ነጥቆ ወደ ፊት አመጣው።

ከሁሉም በላይ የማከብረው ግን እንግሊዛዊው ኬቨን ብራውንሎ ነው። በ1938 የተወለደ፣ ገና ተማሪ ሳለ በቤት ፕሮጀክተር የሚታዩ አሮጌ ፊልሞችን መሰብሰብ የጀመረ ሰው ነው። ማንም ለእነዚህ ፊልሞች ግድ ባልነበረው ዘመን የያኔዎቹን ተዋንያን፣ ካሜራ አንሺዎችና ዳይሬክተሮች በእርጅናቸው እየፈለገ አናገራቸው። ጊዜ አልነበረውም፤ በየዓመቱ እየሞቱ ነበር። የሰበሰበውን በ1968 መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። በ1983 ከዴቪድ ጊል ጋር በሠራው “አንኖውን ቻፕሊን” በተባለው ዘጋቢ ፊልም ቻፕሊን የጣላቸውን ቅሪቶች ሰብስቦ አሳየን። ቻፕሊን “ዘ ኢሚግራንት” የተባለውን የ1917 ፊልም ሲጀምር ስለ ስደተኛ አላሰበም ነበር፤ የጀመረው ምግብ ቤት ውስጥ በሚሆን ቀልድ ነው፤ መርከቡ የመጣው በኋላ፣ እነዚህ ሰዎች ከየት መጡ ለሚለው መልስ ሲፈለግ ነው። ይህን ከጠቢቡ አፍ አልሰማነውም፤ ብራውንሎ ከቁርጥራጭ ፊልም ላይ አነበበው። በ2010 የክብር ኦስካር ተሰጥቶታል።

የእነዚህ ሰዎች መሰባሰቢያ በየዓመቱ በጣሊያኗ ፖርዴኖኔ ከተማ የሚደረገው የድምፅ አልባ ፊልም ፌስቲቫል ነው። በ1982 ሲጀመር የቀረቡት የማክስ ሊንደር ፊልሞች ነበሩ።

ርእሱ የጠፋበትን ፊልም ማን እንደሠራው በምን ያውቃሉ?

በዐይን፣ በትዕግሥትና በብዙ ሰው ጭንቅላት። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ2012 ጀምሮ በቨርጂኒያዋ ከልፔፐር ከተማ ባለው የፊልም ማዕከሉ ማንነታቸው ያልታወቀ ፊልሞችን በአዳራሽ ሲያሳይ ቆይቷል። ሌላ ቦታ ሲኒማ ቤት ውስጥ መናገር ነውር ነው፤ እዚያ ግን ያወቀ ሁሉ እንዲጮህ ነው የሚፈለገው። አንዱ የመኪናውን ሞዴል ይጠራል፤ ሌላው የሰሌዳውን ቁጥር አይቶ ግዛቱንና ዓመቱን ይናገራል፤ ሌላው ከኋላ ያለፈውን አጃቢ ተዋናይ በጢሙ ይለየዋል። ፊልሙ ራሱም ይመሰክራል። ኮዳክ በፊልሙ ጠርዝ ላይ የምርት ዓመቱን የሚያመለክት እንደ ክብና ሦስት ማዕዘን ያለ ትንሽ ምልክት ያትም ነበር። ፓቴ ደግሞ ሌባ ቅጂ እንዳያባዛበት የአውራ ዶሮ ዓርማውን ግድግዳው ላይ ይሰቅል ነበር። በአንድ የሳሎን ትዕይንት ከባለትዳሮቹ ጠብ በስተጀርባ ዶሮ ካያችሁ ፊልሙ የማን እንደሆነ አወቃችሁ።

ጥቁር ኮሜዲያን ነበሩ?

ነበሩ፤ ታላቁ በርት ዊልያምስ ነው፤ የእሱ ታሪክ ደግሞ እኛን ይነካል። በ1874 ባሃማስ፣ ናሶ ተወልዶ አሜሪካ አደገ። ከጓደኛው ከጆርጅ ዎከር ጋር ሆኖ በየካቲት 1906 ብሮድዌይ ላይ ያቀረበው ሙዚቃዊ ድራማ ርእስ “አቢሲኒያ” ነበር። ሎተሪ የደረሳቸው ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ ይጓዛሉ፤ ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ንጉሥ ምኒልክ ነው። ዐድዋ ገና አሥር ዓመቱ ነበር፤ ምኒልክም በዙፋናቸው ላይ ነበሩ። አዲስ አበባን በዐይናቸው ያላዩ ጥቁር አርቲስቶች ኒው ዮርክ ላይ መድረክ ሠርተው የነጻ ጥቁር መንግሥት ምን እንደሚመስል ለሕዝብ አሳዩ። ይህን ሳነብ ልቤ ሞልቷል።

በ1913 ዊልያምስ ከብዙ ጥቁር ተዋንያን ጋር አንድ ኮሜዲ ፊልም መቅረጽ ጀመረ። ሦስት ወንዶች ለአንዲት ቆንጆ ይፎካከራሉ፤ ሰልፍ አለ፣ ጭፈራ አለ፣ የመዝናኛ የእንጨት ፈረሶች አሉ። ፊልሙ ሳያልቅ ተተወ። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ1930ዎቹ መጨረሻ ከባዮግራፍ ኩባንያ ከወሰዳቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ኔጋቲቮች መካከል ሳይታወቅ ለአሥርተ ዓመታት ተቀመጠ። ሙዚየሙ ሰባቱን ጥቅልል አጥንቶ “ላይም ኪልን ክለብ ፊልድ ዴይ” በሚል ስም ለሕዝብ ያቀረበው በ2014፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ዘመን ፊልም ጥቁርን የሚያሳየው ለማላገጥ ነበር። እዚህ ግን ዊልያምስና ኦዴሳ ዋረን ግሬይ በእንጨት ፈረስ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲዞሩ፣ ፊታቸው ላይ ያለው ደስታ የማንም ፍቅረኛ ደስታ ነው። መጨረሻ ላይ ይሳሳማሉ።

መራራውን መደበቅ አልፈልግም፤ ዊልያምስ ራሱ ጥቁር ሆኖ ሳለ በጊዜው ልማድ ፊቱን ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ነው የሚጫወተው። ሌሎቹ ተዋንያን አልተቀቡም። ወዳጁ ኮሜዲያኑ ደብልዩ ሲ ፊልድስ “ካየኋቸው ሁሉ እጅግ አስቂኙ፣ ካወቅኋቸው ሁሉ እጅግ ያዘነው” ያለው ስለ እሱ ነው። በ1922 ሞተ።

ሴቶቹስ?

ማቤል ኖርማንድ ተዋናይት ብቻ አልነበረችም፤ ዳይሬክተር ነበረች። በ1914 ቻፕሊንን ራሱን ካሜራ ፊት አቁማ መርታዋለች፤ እሱም በአዲስነቱ በሴት መታዘዝ አልዋጥልህ ብሎት ተጣልተዋል። በ1930 በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ነበረች። ራሷ መርታ የተወነችበት አንድ የ1914 ፊልም ኒውዚላንድ ውስጥ ተገኝቶ በ2010 ወደ አሜሪካ ከተመለሱት 75 ገደማ ፊልሞች መካከል ነው። በአውሮፓ ደግሞ ቤት የምታፈርሰው፣ ውሃ የምታጥለቀልቀው የፈረንሳዮቹ “ሌኦንቲን” እና ግዙፏ ሳራ ዱሃሜል ነበሩ። የአምስተርዳሙ “አይ” የተባለው የፊልም ሙዚየም ባለሙያ ኤሊፍ ሮንገን ካይናክቺ ከማጊ ሄነፌልድና ከሎራ ሆራክ ጋር ሆና በ2022 እንዲህ ያሉ 99 ፊልሞችን አሳትመዋል።

ሰዎቹ ለምን እየሮጡ ይሄዳሉ?

ካሜራው በእጅ የሚዞር ስለነበር በሰከንድ 16 ወይም 18 ምስል ገደማ ይቀርጽ ነበር። ድምፅ ሲመጣ ፍጥነቱ 24 ላይ ረጋ። አሮጌው ፊልም በአዲሱ ፍጥነት ሲታይ ሁሉ ይጣደፋል። ኮሜዲ ላይ ግን አንዳንዴ ሆን ተብሎ ነው፤ ካሜራ አንሺው ቀስ ብሎ ያዞራል፣ ተዋናዩም ያንን አውቆ እንቅስቃሴውን ይለካል።

ታዲያ በዝምታ ነበር የሚታዩት?

በፍጹም። ፒያኖ ወይም ኦርኬስትራ ነበር፤ በጃፓን ደግሞ ከፊልሙ ጎን ቆሞ ታሪኩን የሚተርክ ባለሙያ ነበር። እኛም አገር ሲኒማ የገባው በዚሁ በድምፅ አልባው ዘመን ነው። አዲስ አበባ ላይ የተከፈተውን የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ “ሰይጣን ቤት” እንዳለው ታውቃላችሁ። ግድግዳ ላይ ሰው ሲንቀሳቀስ ላየ ሰው ስሙ አይገርምም።

አሁንም ይገኛሉ?

ይገኛሉ፤ ልቤን የሚያሞቀውም ይህ ነው። በ1978 በካናዳ፣ ዩኮን፣ ዳውሰን ሲቲ የግንባታ ሥራ ሲቆፈር 533 ጥቅልል ፊልም ከበረዶው አፈር ወጣ። በ1929 የድሮ መዋኛ ገንዳ መሙያ አድርገዋቸው ነበር፤ ቅዝቃዜው ጠበቃቸው። በ2009 ፖል ጊየሩኪ ሚሺጋን ውስጥ ከአሮጌ ዕቃ ሽያጭ የገዛው ጥቅልል “ኤ ቲፍ ካቸር” የተባለ የ1914 ፊልም ሆኖ ተገኘ፤ ፖሊስ ሆኖ ብቅ የሚለው ቻፕሊን ነው። በ2015 ደግሞ ሎረልና ሃርዲ በ1927 የሠሩት፣ ሦስት ሺህ ኬክ ፊት ላይ የተወረወረበት የሚባለው “ዘ ባትል ኦቭ ዘ ሴንቸሪ” ሁለተኛ ጥቅልል ከአንድ ሰብሳቢ ክምችት ውስጥ ወጣ። ያገኘው ጆን ሚርሳሊስ ነው። የፊልሙ መለያ የሆነው ጦርነት ለአሥርተ ዓመታት በቁርጥራጭ ብቻ ይታይ ነበር።

ከየት ልጀምር?

ከበርት ዊልያምስ “ኤ ናቹራል ቦርን ጋምብለር” ጀምሩ፤ የ1916 ነው፣ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ጠብቁ። በቁማር ተይዞ እስር ቤት ብቻውን ተቀምጧል። ካርታ የለውም፤ አብሮት የሚጫወት የለም። በባዶ እጁ ያድላል፤ የራሱን ያያል፤ ደስታውን ይደብቃል፤ የማይታየው ባላጋራው ካርታውን ሲገልጥ ይከስራል። ሁሉም ነገር በጣቶቹና በዐይኖቹ ነው። ከዚያ የሊንደርን መስተዋት፣ ከዚያ የባወርስን ድመቶች። ሙዚቃ ያለበትና ፍጥነቱ የተስተካከለ ቅጂ ምረጡ፤ ከተቻለ ብቻችሁን አትዩ። የተሠሩት ለሞላ አዳራሽ ነው፤ አጠገባችሁ የሚስቅ ሰው ሲኖር ሌላ ፊልም ይሆናሉ።

ቤቴ ውስጥ አሮጌ የፊልም ጥቅልል ባገኝስ?

በፕሮጀክተር አታጫውቱት። የደረቀ ፊልም በአንድ ዙር ሊበጣጠስ ይችላል። ጠርዙን በብርሃን አንጻር ተመልከቱ፤ በእንግሊዝኛ “ናይትሬት” የሚል ከተጻፈበት ከእሳት፣ ከሲጋራና ከምድጃ አርቁት፤ ሽፋኑ አየር በማያስወጣ ዕቃ አታፍኑት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነ ናይትሬት ሳይሆን ከዚያ በኋላ የመጣው ዓይነት ነው፤ እሱም እየተበላሸ መሆኑን እየነገራችሁ ነው። ሁለቱንም ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀምጡና ያላችሁበት አገር ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ወይም የፊልም ክምችት ያለው ዩኒቨርሲቲ አነጋግሩ። ቆርቆሮውንና ላዩ ላይ ያለውን ወረቀት አትጣሉ፤ “ብሪኮሎ” የሚለው ቃል ባይቀር ኖሮ ባወርስን የሚፈልግበት ፍንጭ ማንም አይኖረውም ነበር። ጥቅልሉ ከማን ቤት እንደመጣ፣ ማን እንደሰጣችሁ፣ ምስሉ ላይ የምታውቁት ሰው ካለ ስሙን እስከ አባቱ በወረቀት ጻፉና ከቆርቆሮው ጋር እሰሩት።